ከብይኑ በፊት ቁሱ፦ የወገዳ የጌጥ ዕቃዎችና ዶቃዎች በሸሪዓ ዓይን



ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት ከተላለፉልን ዘገባዎች አንዱ አገራችንን በስም ያነሣል። አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ.) አስተላልፈው ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ቀለበቱ ከብር የተሠራ ሆኖ ፈርጡ ሐበሻዊ እንደ ነበር ተገልጿል። ኢማም አን-ነወዊ ይህን ሲያብራሩ፣ ፈርጡ ሐበሻዊ የተባለው ድንጋዩ ጀዝዕ ወይም ዐቂቅ ስለ ሆነና የእነዚህም መገኛ ሐበሻና የመን ስለ ሆነ ነው የሚለውን አስተያየት ያቀርባሉ፤ ቀለሙ ጥቁር ስለ ነበር ነው የሚለውንም ይጨምራሉ። ኢማም አል-ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ፈርጡ ራሱ ብር እንደ ነበር ስለ ተነገረ፣ ከዑለማው ከፊሎቹ ቀለበቶቹ ሁለት ነበሩ በማለት ዘገባዎቹን አስታርቀዋል። ቀደምት ዑለማ አንዲት የቀለበት ፈርጥ ከምን እንደ ተሠራች፣ ከየት እንደ መጣች ለማወቅ ይህን ያህል ደክመዋል። «ይህ ዕቃ ከምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ የዕውቀት አንድ ክፍል ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳውም ይህንኑ ነው። ጌጥን በሚመለከት ለመምህራንና ለኢማሞች የሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ የሚያገኙት ቁሱ በትክክል ከታወቀ በኋላ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከወገዳ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ምድር ነው። በዚህ አገር ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው፤ ገበያውና አንጥረኛው ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር አንድ ነው። እናቶች በሙዳይ ያኖሩት ድሪ፣ አልቦ፣ አምባርና ጉትቻም ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠራ ነው።

አንድ ክር፣ ብዙ ብይን

አንዲት እናት ከአያቷ የወረሰችውን የአንገት ጌጥ ይዛ ወደ ኢማሙ መጣች እንበል። በአንዱ ክር ላይ ከጠገራ ብር የተሠሩ የብር ፍሬዎች፣ በመካከላቸው ቢጫ የአምበር ዶቃዎች፣ ቀይና ሰማያዊ የመስታወት ዶቃዎች፣ ከታችም ብር የሚመስል ነጭ ማዕድን ተሰክቷል። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ዘካ አለብኝን? ወደ ገበያ ወስጄ በአዲስ ጌጥ ብለውጠውስ?

ለዚህ አንድ ጥቅል መልስ የለም። ብሩ በሸሪዓ እንደ ገንዘብ የሚታይ ማዕድን ስለ ሆነ በዘካና በሪባ ሕግ ይገዛል። አምበሩና መስታወቱ ለንግድ ካልሆኑ ዘካ የለባቸውም፤ ሲለዋወጡም የሪባ ሕግ አይመለከታቸውም። ነጩ ማዕድን ብር ካልሆነ ደግሞ እንደ ብር ሊቆጠር አይችልም። ስለዚህ መምህሩ የኪታቡን ባብ ከመግለጡ በፊት ክሩን ፈትቶ እያንዳንዱን ቁስ ለየብቻው ማየት ይኖርበታል።

ብር፦ ከገንዘብ ወደ ጌጥ

በአገራችን ገንዘብና ጌጥ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ቁስ ሲገናኙ ኖረዋል። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» የተባለው የንግድ መምሪያ በአዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩ ሸቀጦች መካከል መስታወትን፣ ናስንና መዳብን ይቆጥራል። ናሱ ለጌጥም፣ እየተቆረጠም በገንዘብ ምትክ ያገለግል እንደ ነበር፣ ከመዳቡም ለሴቶች የእጅና የእግር አምባር ይሠራ እንደ ነበር ያስረዳል።

ከብዙ ዘመን በኋላ የናሱን ቦታ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ያዘ። ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ ንግሥቲቱ ከሞቱበት እ.ኤ.አ. ከ1780 በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ በቀይ ባሕር ዙሪያ ሲዘዋወር ኖሯል። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ቁጥር ያስመቱት ብርም በክብደትና በጥራት ለዚሁ የቀረበ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ጠገራው ከገበያ መውጣት ጀመረ፤ ከፊሉም በአንጥረኛው ከሰል ላይ ቀልጦ ድሪና አልቦ ሆነ።

በቀድሞው ልማድ ብሩን የምታመጣው ባለቤቷ ናት። ጠገራዎቹን ቆጥራ ለአንጥረኛው ትሰጣለች፤ እርሱም በወናፍ እያናፋ ያቀልጠዋል፣ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፣ ቀጭን ሽቦ አድርጎ ይስበዋል፤ ፍሬዎቹንም ከሁለት ግማሾች አጋጥሞ ውስጣቸው ባዶ እንደ ሆነ ይበይዳቸዋል። ለብየዳው ከብር ቀድሞ የሚቀልጥ፣ መዳብ ወይም ናስ የተቀላቀለበት ብር ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት የተሠራው ጌጥ ጥራት ከመነሻው ጠገራ በመጠኑ ዝቅ ይላል፤ በላዩም የጥራት ማኅተም አይኖርበትም። ጌጡን የሚመዝን መምህር ይህን ማስታወስ አለበት።

ኒሷብ ስንት ጠገራ ነው?

የብር ኒሷብ 200 ዲርሀም ነው። አንዱን ዲርሀም 2.975 ግራም አድርገን ብንይዝ 595 ግራም ይሆናል። የወርቅ ኒሷብ የሆነው 20 ሚስቃልም በዚሁ ስሌት 85 ግራም ነው።

በሻፊዒያ መዝሀብ የሚታየው ንጹሑ ብር ነው። 25 ጠገራ 584.75 ግራም ንጹሕ ብር ስለሚይዝ ከኒሷቡ ይጎድላል፤ 26 ሲሆን ግን 608 ግራም ገደማ ስለሚደርስ ኒሷብ ይሞላል። በሐነፊያ መዝሀብ ደግሞ ብሩ ከቅልቅሉ የሚበልጥ ከሆነ ጠቅላላው እንደ ብር ይቆጠራል። በዚህ መሠረት የጠገራው ሙሉ ክብደት ስለሚያዝ 22 ጠገራ 617.5 ግራም ሆኖ ኒሷቡን ያልፋል።

የቁጥሩ ልዩነት ከሌላ የታወቀ ልዩነት ጋር ተያይዞ መታየት ይኖርበታል። ማሊኪያ፣ ሻፊዒያና ሐናቢላ ሴት በልማዷ ለምታጌጥበት የተፈቀደ ጌጥ ዘካ አያስፈልግም ይላሉ። ከመረጃዎቻቸውም ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ያሰፈሩት ይገኛል፤ ይኸውም እመት አዒሻ (ረ.ዐ.) ለሚያሳድጓቸው የወንድማቸው የቲም ልጆች ጌጥ፣ ዐብደላህ ቢን ዑመር (ረ.ዐ.) ለሴቶች ልጆቻቸው ጌጥ ዘካ አለማውጣታቸው ነው። ሐነፊያ ደግሞ ዘካው ግዴታ ነው ይላሉ። ዋና መረጃቸው አቡ ዳውድና ሌሎች የዘገቡት ከየመን የመጣች ሴት ታሪክ ነው፤ በልጇ እጅ ሁለት ወፍራም የወርቅ አምባር አይተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካውን መክፈሏን ጠየቋት፣ አለመክፈሏን ስትነግራቸውም አስጠነቀቋት።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሁለቱም መዝሀቦች ስለሚቀሩ መምህሩ ሴትዮዋ የምትከተለውን ማወቅ አለበት። ሐነፊያን የምትከተል ከሆነ የምትለብሰውም፣ በሙዳይ ያኖረችውም የብር ጌጥ ይመዘናል። ሻፊዒያን የምትከተል ከሆነ ግን «ትለብሽዋለሽ ወይስ አኑረሽዋል?» ተብላ ትጠየቃለች። ጌጡ ለመዋቢያ የተያዘ ከሆነ ዘካ የለበትም። ለክፉ ቀን ታስቦ እንደ ጥሪት የተቀመጠ ከሆነ፣ ወይም ሳይሠራ በጠገራነቱ ያለ ከሆነ፣ በሻፊዒያም ዘካ አለበት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ልዩነት ስለማያውቅ «የጌጥ ዘካ የለም» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ተሰብስቦ ለተቀመጠው ጠገራ ሁሉ ይጠቀምበታል። የድኻው ሐቅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት የሚወጣው ከ40 አንድ እጅ ነው፤ ለ26ቱ ጠገራ 15.2 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል።

ብር እና ብር መሳይ

ዛሬ በገበያ «ብር» ተብሎ ከሚሸጠው ነጭ ጌጥ ውስጥ ጨርሶ ብር የሌለበት ይገኛል። አንዱ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ «የጀርመን ብር» መባሉ ቀለሙን እንጂ ይዘቱን አይገልጽም። ሌላው በጣም ቀላሉ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት እነዚህን ስለማይስብ አንዱንም ከብር አይለይም።

የሚለየው የውኃ ሚዛን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ዕውቀት አይደለም። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በከበሩ ድንጋዮችና ማዕድናት ላይ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል፤ አል-ኻዚኒም በ515 ዓመተ ሂጅራ «ሚዛኑል ሒክማ» በተባለው ሥራቸው የውኃን ሚዛን አሠራር በዝርዝር አስረድተዋል። አሠራሩ በመድረሳ ውስጥ እንኳ ሊታይ የሚችል ነው። ጌጡ መጀመሪያ በአየር ላይ ይመዘናል፤ ከዚያም በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ እንደ ጠለቀ ዳግመኛ ይመዘናል። የጠገራ ብር ጥራት ያለው 100 ግራም ጌጥ በውኃ ውስጥ 9.8 ግራም ገደማ ይቀልላል። የኒኬሉ ቅልቅል 11.5 ገደማ፣ አሉሚኒየም 37 ገደማ ይቀልላል። ፍሬዎቹ ባዶ ከሆኑ አየር እንዳይቀርባቸው ውኃው በቀዳዳቸው እስኪገባ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ውስጣቸው በሰም ወይም በሙጫ የተሞላ ከሆነ ግን ሚዛኑ ስለሚያሳስት ወደ ታመነ አንጥረኛ መውሰድ ይሻላል።

አሮጌውን በአዲስ መለወጥ

በጌጥ ጉዳይ ሰዎች ሳያውቁ ሪባ ውስጥ ከሚወድቁባቸው በሮች ሰፊው ይህ ነው። ሴትዮዋ 200 ግራም የሚመዝን አሮጌ ድሪ ትሰጣለች፤ ነጋዴውም 120 ግራም የሚመዝን አዲስ ይሰጣትና «ቀሪው ለእጅ ሥራው ነው» ይላል። ብር በብር ሲለወጥ መጠኑ እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ ሊሆን እንደሚገባ በሐዲስ ተደንግጓል። ኢብኑል ቀይም የተሠራ ጌጥ እንደ ሸቀጥ ስለሚታይ ለእጅ ሥራው ጭማሪ መክፈል ይቻላል የሚል አስተያየት አላቸው፤ ብዙኃኑ ዑለማ ግን አልተቀበሉትም።

ዶቃና ማዕድን የተቀላቀለበትን ጌጥ የሚመለከተው መሠረታዊ ዘገባ የፈዷላ ቢን ዑበይድ (ረ.ዐ.) ነው። በኸይበር ቀን ወርቅና ዶቃ ያለበትን የአንገት ጌጥ በ12 ዲናር ገዙ፤ ሲለያዩት ወርቁ ብቻውን ከ12 ዲናር በላይ ሆኖ አገኙት። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው፣ ተለይቶ ሳይታወቅ እንዳይሸጥ አዘዙ። ዘገባው በሙስሊም ይገኛል። ሻፊዒያና ሐናቢላ ከዚህ በመነሣት ቅልቅል ጌጥ በራሱ ዓይነት ማዕድን መሸጡን ከልክለዋል። ሐነፊያ በዋጋ የሚከፈለው ማዕድን በጌጡ ውስጥ ካለው እንደሚበልጥ ከታወቀ ትርፉ በዶቃው አንጻር ይቆማል ብለው ፈቅደዋል። መለየትና መመዘን እንደሚያስፈልግ ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ።

መውጫው ቀላል ነው። አሮጌው በገንዘብ ይሸጥ፣ ገንዘቡም በእጅ ይግባ፤ ከዚያም በገንዘቡ አዲሱ ይገዛ፤ ክፍያውና ርክክቡ በዚያው ቦታ ይለቅ። ሌላው መንገድ የቀድሞዎቹ እናቶች ልማድ ነው፤ የራስን ብር መዝኖ ለአንጥረኛው መስጠትና ለሥራው ዋጋ መክፈል። ይህ የሥራ ኪራይ ስለሆነ ሪባ አይነካውም። የተረፈው ብር ለባለቤቷ ይመለሳል፤ አንጥረኛውም ለብየዳ የጨመረውን ናስ ወይም መዳብ ይነግራታል።

አምበር፣ መስታወትና ኦፓል

ቢጫው አምበር ድንጋይ አይደለም፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የጠነከረ የዛፍ ሙጫ ነው፤ የታወቀው መገኛውም የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ነው። በፊቅህ ኪታቦች «ዐንበር» ተብሎ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘካ የለበትም ያሉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ባሕር የሚተፋው፣ ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚገኘው ሽቶ ነው። ዶቃ የሚሆነውን ዐረቦች «ከህረማን» ወይም «ከህረባእ» ይሉታል፤ ቃሉ ከፋርስ የመጣ ሆኖ «ገለባ ነጣቂ» ማለት ነው። አምበር በሱፍ ሲታሽ ገለባን ይስባልና። ኤሌክትሪክ በዐረብኛ «ከህረባእ» የተባለውም ከዚሁ ነው።

በአምበር ስም ፕላስቲክ ሲሸጥ ኖሯል። ለመለየት ጨው ከእንግዲህ አልሟሟም እስኪል ድረስ በውኃ ይበጠበጣል፤ ለ100 ሚሊ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይበቃል። ዶቃው ከክሩ ወጥቶ ሲገባበት አምበር ይንሳፈፋል፤ መስታወትና ባካላይት የተባለው አሮጌ ፕላስቲክ ይሰጥማሉ። አንዳንድ ቀላል ፕላስቲክም ስለሚንሳፈፍ የሰጠመው አምበር አለመሆኑ ይታወቃል እንጂ የተንሳፈፈው ሁሉ አምበር ነው አይባልም።

ከጋይንት ብዙ ሳይርቅ፣ በወሎ ደላንታ ወግል ጤና አካባቢ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል መገኘቱ ከታወቀ ወዲህ ይህ ድንጋይ በአንጥረኛውና በነጋዴው እጅ ይዘዋወራል። የወግል ጤና ኦፓል ልዩ ጠባይ ውኃ መጠጣቱ ነው። ሲጠጣ ይጠራል ወይም ቀለሙ ይለወጣል፤ ክብደቱም ይጨምራል። የሚሸጠው በክብደት ስለሆነ ነክሮ ለገዢ ማቅረብ ማታለል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ የረጠበው ከላይ ሆኖ ለሰው እንዲታይ ለሻጩ ነግረው የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳይደለ አስጠንቅቀዋል። የተነከረው ኦፓል ጉዳይ ከዚያ ክምር ጉዳይ ጋር አንድ ነው። ጭስ ወይም ቀለም የተሰጠውም ለገዢው ሊነገር ይገባል። በዘካ ረገድ ኦፓልም ሆነ ሌላ የከበረ ድንጋይ ለመዋቢያ ከተያዘ የለበትም፤ ለንግድ ከተያዘ ግን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በየዓመቱ ይተመናል።

ዶቃውና ተስፋው

ዶቃ በራሱ ነውር የለበትም። እመት አዒሻ (ረ.ዐ.) በጉዞ ላይ የጠፋባቸው የአንገት ጌጥ ከየመን ዞፋር የመጣ የጀዝዕ ዶቃ ነበር። ተየሙም የተደነገገበት ሰበብም የአንገት ጌጥ መጥፋት ነው። የተከለከለው ዐረቦች ከዐይን ይጠብቃል ብለው በልጆች አንገት የሚያስሩት ተሚማ ነው፤ እርሱም ባብዛኛው ዶቃ ነበር። እንግዲህ የተወገዘው በዶቃው ላይ የተጣለው ተስፋ ነው።

ይህ ለወገዳ መምህር የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጨሌ የሚባለው ኅብረ ቀለም ዶቃ ለዛርና ለአድባር ተብሎ የሚቀመጥበት፣ ዛጎልም ለጥንቆላ የሚጣልበት ልማድ አለ። ነገር ግን ያው ጨሌ በሌላይቱ አንገት ላይ ጌጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሩ ሴትን በአንገቷ ባየው ዶቃ አይወንጅል፤ ለምን እንደምታስረው በርኅራኄ ይጠይቅ። ቁርኣን የተጻፈበትን ክታብ በሚመለከት ሶሓቦችና ታቢዒዮች ስለተለያዩበት በእርሱ ላይ የሚነገረው ቃል በጥልስም ላይ ከሚነገረው ይለያል። የብር ማኅደሩ ግን ባዶም ቢሆን ብር ነውና ይመዘናል።

ሙስበሓን በተመለከተ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴቶችን በጣቶቻቸው እንዲቆጥሩ መክረዋል፤ በጠጠር ወይም በተምር ፍሬ የምትቆጥርን ሴት አይተውም የተሻለ ዚክር አመለከቷት እንጂ እንዳልከለከሏት ተዘግቧል። ኢማም አስ-ሱዩጢም መፈቀዱን የሚያስረዳ ድርሳን ጽፈዋል። ከእንጨት፣ ከአምበር ወይም የሱር ከተባለው የቀይ ባሕር ጥቁር ኮራል ቢሠራ ምንዳው አይለያይም።

ለመምህሩ የሚቀረው ሥራ

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያስከትለው በኒካሕ ጊዜ ቁሱ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። በውሉ ላይ «አንድ ድሪ፣ አንድ አልቦ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ጋብቻው ቢፈርስ ወይም ባል ቢሞት ሚስቲቱ 300 ግራም ብር ይሁን የአሉሚኒየም ሰንሰለት የሚገባት አይታወቅም። ጥሎሽ ሆኖ የመጣው ጌጥ መህር ይሁን ስጦታ ወይስ የአማቶቿ ውሰት እንደ ሆነም ካልተገለጸ ክርክሩ ይከፋል፤ ሐቋን የምታጣውም ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት። ስለዚህ ኒካሕ የሚያስሩ ኢማሞች የጌጡን ዓይነት፣ ቁስ፣ ክብደትና የማን ንብረት እንደ ሆነ በምስክሮች ፊት እንዲያስጽፉ እናሳስባለን።

ሁለተኛው ሥራ የአንጥረኛውን ክብር መመለስ ነው። በአካባቢያችን የእጅ ባለሙያን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያሉ መንቀፍ የቆየ በሽታ ነው። አላህ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለዘበላቸውና የጥሩር ሥራን እንዳስተማራቸው በሱራ ሰበእና በሱራ አል-አንቢያእ ተነግሯል፤ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደ ነበርም በሐዲስ ተመስክሯል። ይህን በኹጥባ ማስታወስ የሚሰደበውን ሙስሊም ባለሙያ ያጽናናል፤ ልጁም ሙያውን እንዳይሸሽ ይረዳዋል። አንጥረኛው ከተከበረ በቁስ ዕውቀት የመምህሩ ረዳት ይሆናል፤ ብር የሆነውንና ያልሆነውን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

ሦስተኛው የዘካን ባብ ስናስቀራ ሚዛንና የጨው ውኃ የሞላ ብርጭቆ ከኪታቡ ጎን ማስቀመጥ ነው። ደረሳው አንድ ጠገራ በእጁ መዝኖ 26 እና 22 የሚሉት ቁጥሮች ከየት እንደ መጡ ራሱ ያስላ። ነገ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ መስጂድ አንዲት እናት የክር ጌጧን ፈትታ ስታቀርብለት በመጀመሪያ የሚመዝነውን ያውቃል።

አላሁ አዕለም።